በዳቦ ቤቱ ኩርባ ያልቆጠርኳቸው ሰዎች

ውድ ልጄ፣

በዳቦ ቤቱ ኩርባ የሚሻገረውን ሰው ቆጥሬ የሰጠሁሽ ወረቀት ሆን ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነበር። ሰላምታዬን ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት ራሴን ስለማውቀው ነው። ጤናሽን ልጠይቅ ብዬ ከጀመርኩ፣ ከጤና ወደ አየሩ፣ ከአየሩ ወደ ኑሮው እየዞርኩ ወረቀቱን ሞልቼ አሽጌ እልከው ነበር። ሁለት ጊዜ እንዲያ ያለ ደብዳቤ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አሁን ዋናው ነገር ወጥቶልኛልና ልጠይቅሽ፤ እንደምን አለሽልኝ? አሁን የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ተስማማሽ? አድራሻሽን የሰጠችኝ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ናት። ለምን እንደፈለግሁት ስትጠይቀኝ "ሳትወስደው የሄደችው ልብስ አለ" አልኳት። የአንቺ ልብስ እኔ ዘንድ የለም። አየሽ፣ እውነት ልጽፍ ስነሳ እንኳ በውሸት ነው የጀመርኩት።

ከዚህ ሰፈር የሄድሽው የጋጋሪያችን የትኩሱ እግር የተቆረጠው አንቺ በሠራሽው ስሌት መስሎሽ ነው። ሰዉም እንደዚያ መስሎታል። ስሌትሽ እንከን አልነበረውም። የሰጡሽን ቁጥር በትክክል ደምረሽ በትክክል አካፍለሻል፤ የተበላሸው የተሰጠሽ ነው፤ የሰጠሁሽም እኔ ነኝ።

አንቺ የምታውቂውን መልሼ ብነግርሽ አትሰልቺ። እኔ ራሴ ከመጀመሪያው ካልያዝኩት መሐል ላይ ማምለጫ እንደምፈልግ አውቃለሁ።

የዛሬ ሰባት ዓመት የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጥተው "በዚህ አስፋልት ላይ ዘንድሮ የምንሠራው አንድ ዜብራ ከነጉብታው ነው፤ የት ይሁን? እናንተ ናችሁ የምታውቁት" ያሉን ዕለት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የነበረውን ጩኸት ታስታውሻለሽ። ሁሉም "በሬ ላይ!" አለ። ባለመድኃኒት ቤቷ በሬ ላይ፣ ባለጋራዡ በሬ ላይ። ሊቀመንበራችን፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ጠረጴዛ እየደበደበ "ዝም በሉ! አንድ ባንድ!" ሲል ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ነበር። አንቺ ከኋላ ተነስተሽ፣ በዚያች ቀጭን ድምፅሽ፣ "ለምን አንቆጥርም? የት ብዙ ሰው እንደሚሻገር ቆጥረን እንይ" አልሽ።

ሾፌሩ "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስጭን ኖሬ፣ ዛሬ ደግሞ በእግሩ የሚሄደውን ልቆጥር?" አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም ሳቅሽ። ከዚያ ግን ለቀቅ አላደረግሽም። አራት ቁም መስመር፣ አምስተኛውን አግድም አድርገን እንዴት ሰው እንደምንመዘግብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳየሽን። ያወጣሽልን ሕግ አንድ ነበር፤ ማንም የራሱን በር አይቆጥርም። ባለመድኃኒት ቤቷ ጋራዡን፣ ባለጋራዡ መድኃኒት ቤቱን። እኔ የዳቦ ቤቱን ኩርባ፣ ትኩሱ ደግሞ የእኔን የልብስ ስፌት በር።

ትኩሱ ከአዳራሹ ስንወጣ ትከሻዬን ይዞ፣ "ጋሼ፣ ደንበኞቼን አደራ፤ አንድም እንዳይጠፋብኝ። እኔም የእርስዎን ደንበኛ፣ ቁልፍ የጎደለውን ሁሉ አንድ ባንድ እቆጥርልዎታለሁ" አለኝ። እንዲያ እየተሳሳቅን ነው የተለያየነው።

ሰኞ ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት በርጩማዬን ይዤ ኩርባው ላይ ተቀመጥኩ። መለካት ሥራዬ ነው ልጄ። ሰው ጨርቅ አምጥቶ ሲሰጠኝ አንዲት ጣት ታህል ቁራጭ አስቀርቼ አላውቅም፤ ይህንንም በጸሎቴ ላይ ሳይቀር እየጠቀስኩ የምመካ ሰው ነበርኩ። ያን ጠዋት በታማኝነት ቆጠርኩ። ዳቦ ለመግዛት የሚመጣው፣ ዳቦውን በብብቱ ይዞ የሚመለሰው፣ ወደ ሥራ የሚሮጠው፣ ልጇን እየጎተተች የምትሻገረው። መኪናው ከኩርባው ድንገት ነው ብቅ የሚለው፤ ሰዉ ግማሽ መንገድ ደርሶ ነው የሚያየው። በሰዓቱ መጨረሻ መስመሮቼን ደመርኩ። ሁለት መቶ አሥራ አራት።

ወደ ሱቄ ስመለስ ትኩሱ ከበሬ ላይ በርጩማውን አንስቶ ሊሄድ ነበር። "ስንት ሆነልዎ ጋሼ?" አለኝ። "ገና አልደመርኩም" አልኩት። ያቺ የመጀመሪያዋ ውሸት ናት። እሱ ግን የደበቀው ነገር የለም። "እኔ ዘጠና ስምንት። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ውሾች ይመስሉኛል" ብሎ ሳቀ።

እዚያው ቆሜ ገባኝ። ዜብራው ኩርባው ላይ ይሠራል። የእኔ በር አይደርሰውም።

ባለቤቴን ታስታውሻታለሽ፤ ጉልበቷን። ቤታችን ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳዬን ይዛ ትሻገር ነበር። ላስቀራት ብዬ ያላልኩት የለም፤ "ታዲያ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ልይ?" ትለኛለች። ከቆጠራው አንድ ወር ቀደም ብሎ አንድ ገልባጭ መኪና የቀሚሷን ጫፍ ጠርጎ አለፈ። እዚህ ሱቅ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች፤ የምሳ ዕቃው ክዳን እጇ ላይ እየተንቀጠቀጠ ቅጭልጭል ይል ነበር። ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ለሰባት ዓመት ራሴን ያጽናናሁት በዚህች ነው፤ ለሚስቴ ብዬ ነው እያልኩ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ደግሞ ልንገርሽ፤ ዜብራ በሬ ላይ ቢሠራ የማዶው ሰው ሁሉ በመስኮቴ ሥር እንደሚያልፍ አስቤያለሁ። የሰቀልኩትን ኮት እያየ እንደሚያልፍ። ይህን አስቤ ደስ ብሎኛል። የትኛው ግማሽ እንደሚበልጥ ደጋግሜ መረመርኩት፤ አላውቀውም። እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ማክሰኞ እንደገና ኩርባው ላይ ተቀመጥኩ፤ አዲስ ሕግ ይዤ። እንዴት ያለ ሕግ መሰለሽ? ሄዶ የተመለሰው አንድ ሰው ነው፤ አንድ መስመር ይበቃዋል አልኩ። እናት ከነልጇ አንድ አልኩ፤ እጅ ለእጅ ከተያያዙ ያው አንድ ናቸው። የሮጠውን ጭራሽ ተውኩት። የሮጠ ሰው አመለጠ እንጂ ተሻገረ አይባልም ብዬ። ማንም ቀርቦ "ምነው ጋሼ?" ቢለኝ ለእያንዳንዱ መልስ ነበረኝ። ሰባ ስምንት ሆነ። ረቡዕ ዝናብ ዘነበና አልሄድኩም። ቤቴ ተቀምጬ ስልሳ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። የሰኞውን ወረቀት የኮሌታ ልክ ቆረጥኩበትና በምትኩ ስልሳ ዘጠኝ ብዬ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩ። የሦስቱ ቀን ድምር ሁለት መቶ አሥራ ሦስት መጣ። በሦስት ቀን የጻፍኩልሽ ሰው፣ ሰኞ በአንዲት ሰዓት ያየሁትን አያህልም።

ወረቀቱን ስትቀበይኝ ገለጥ አድርገሽ አይተሽ፣ "ጋሼ፣ እንደ ስፌትዎ ነው፤ አንድ ስርዝ እንኳን የለውም" አልሽኝ። አካፈልሽው፤ ሰባ አንድ ሆነ። የእኔ በር፣ ትኩሱ በእውነት የቆጠረው፣ መቶ ሦስት። ዜብራው በሬ ላይ ተሠራ። ነጩ ቀለም ሲቀባ ሚስቴ እዚያ ማዶ ቆማ እንደ ሙሽራ ስትስቅ አየኋት። የመጀመሪያዋን ቀን ስትሻገር አንድ ታክሲ ቆመላት፤ "ቆመልኝ እኮ! ለእኔ!" እያለች ገባች። ልጄ፣ ያን ቀን ተጸጸትኩ ብልሽ ውሸት ይሆናል። ጠግቤ በላሁ፣ ተኛሁም።

ከስምንት ወር በኋላ፣ ማለዳ፣ ትኩሱ የዳቦ ትሪውን ተሸክሞ ወደ ማዶው ኪዮስክ ሲሻገር ከኩርባው የወጣ ፒክአፕ መታው። ጩኸቱን ሰምቼ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንዳለ ሮጥኩ። ዳቦው መንገዱን ሞልቶታል፤ ገና ይጤሳል። ሰዎች አንሥተው ወደ ዳር ያደርጉታል፤ ለምን እንደሚያነሡት ግን የሚያውቁ አይመስሉም። እኔም ጎንበስ ብዬ ማንሣት ጀመርኩ፤ ወደ እሱ ላለማየት። በሳምንቱ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ሚስቱ አንቺን ዳቦ ቤቱ ፊት ያገኘችሽ ዕለት ሰልፉ ውስጥ ነበርኩ። አላየሽኝም። ደብተር ታቅፈሽ ነበር። "ሰባ አንድ ሰው ነው አይደል ያልሽው? ነይ! ነይ ቁጠሪ እስቲ! ይኸው ሰልፉ፣ ቁጠሪው! በእርሳስሽ እግሩን ቆረጥሽው!" ስትልሽ ደብተሮቹን ወደ ደረትሽ ሳብ አደረግሽና ቆምሽላት፤ እስክትጨርስ። እኔ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ጀርባ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ። ዳቦ ሳልገዛ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጣሽ። ሚስቴ ጥግ ላይ ቁልፍ ትተክል ነበር። ሳትቀመጪ፣ "ጋሼ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ የኩርባው ወረቀት... ልክ ነው አይደል? የሮጡትንም ቆጥረዋል?" አልሽኝ።

የሮጡትን! ካለው ጥያቄ ሁሉ መርጠሽ ያቺን። መልሱ ወጣ፤ ከየት እንደወጣ እንጃ። "ቆጥሬያለሁ ልጄ። አንድ ሰው አልዘለልኩም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው" አልኩሽ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ስሙን ጠርቼ።

አንቺም ራስሽን ነቀነቅሽ። "እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠዋት ብቻ ማስቆጠር አልነበረብኝም። ሦስት ቀንም አይበቃም ነበር። እኔ ነኝ ያልገባኝ" አልሽ። ይቅርታ ጠየቅሽኝ፤ ስለጠረጠርሽኝ! እኔን! አመሰግናለሁ ብለሽ ወጣሽ። ሚስቴ ከመርፌዋ ቀና ሳትል፣ "ዳቦ ቤቱ ጋ ሰው አይበዛም እንዴ?" አለችኝ። "በሥራዬ አትግቢብኝ" ብዬ ጮህኩባት። ጮኼባት አላውቅም ነበር። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዜብራው ላይ ስትሻገር ቀና ብላ አትሄድም ነበር፤ መኪና ሲቆምላትም ስቃ አታውቅም።

ዝውውር ጠይቀሽ ልትሄጂ ስትይ ልትሰናበቺን መጣሽ። መጋረጃው ኋላ ነበርኩ። ሚስቴ "ልጅቷ ልትሄድ ነው፣ ና ውጣ እንጂ!" ስትል "ካውያው ግሏል፣ ጨርቁን ያቃጥልብኛል" አልኩ። ካውያው ከግድግዳው ተነቅሎ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነበር። እጄን ጭኜበት ድምፅሽን ሰማሁ። "ይበርቱ በሉልኝ ጋሼን" ብለሽ ሄድሽ።

ሚስቴ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። በመኪና አይደለም፤ በልቧ ነው። አልጋ ላይ ሳለች አንድ ቀን፣ ትራሷን ሳስተካክልላት፣ "ለዚያች ልጅ አንድ ደብዳቤ ብትጽፍላት ምን አለበት?" አለችኝ። "ምን ብዬ?" አልኳት። "አንተ ታውቃለህ" አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ታውቅ ነበር ማለት ነው። አራት ዓመት እኔ በውሸት ባሠራሁት ዜብራ፣ እያወቀች ምሳዬን ይዛልኝ ተሻገረች። ከአጠገቤ ሆና ስንት ጊዜ እንድናገር ጠብቃኝ ይሆን። ለእሷ ሳልናገር ቀበርኳት።

የዛሬ ሁለት ወር የመንገድ መሥሪያ ቤቱ እንደገና መጣ። አንዲት ወጣት ባለሙያ ናት፤ መነጽር ያደረገች፣ ትልቅ ክላሰር የያዘች። ያው አዳራሽ፣ ያው ሾፌር። "ነዋሪው ራሱ ቢሳተፍ..." ብላ ስትጀምር ሰው ሁሉ ተነሣባት። ሾፌሩ፣ "የኔ እመቤት፣ ይህን ዘፈን እናውቀዋለን! ያኔም ተሳተፉ አላችሁን፣ ተሳተፍን። ቁጠሩ አላችሁን፣ ቆጠርን። ይኸው ትኩሱ፣ ተነሥ እስቲ ትኩሱ፣ በአንድ እግሩ ተሳትፎውን ያሳይሽ!" አላት። ትኩሱ ተቀምጦ እጁን አወዛወዘ። "ተሳትፌያለሁ፣ ይቅርብኝ" አለ፤ ሰው ሳቀ።

ልጅቷ ፈርታ ክላሰሯን ገለጠች። "ኩርባው ግን በመዝገባችን ቅድሚያ የሚሰጠው ቦታ አይደለም። በነዋሪው ቆጠራ መሠረት በሰዓት ሰባ አንድ ሰው ነው የሚሻገረው" አለች። እንዲታይ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘችው። የእጅ ጽሕፈቴ ነው። እኔ ያ ወረቀት ትኩሱን በልቶ ያለቀለት መስሎኝ ነበር። ለካ ሰባት ዓመት ሙሉ ሥራ ላይ ነበር፤ ኩርባው ላይ ጉብታ እንዳይሠራ ሲከራከር የኖረው እሱ ነው።

ተነሣሁ። "ያ ቁጥር ትክክል አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ የቆጠርኩት። ተሳስቻለሁ። ሄዶ የተመለሰውን አንድ እያልኩ... የሮጠውን ሳልቆጥር... አልገባኝም ነበር" አልኩ።

አልገባኝም ነበር! ሰማሽ? ልናዘዝ ተነሥቼ ግማሽ መንገድ ላይ ታጠፍኩ።

ሰዉ አንገቱን ነቀነቀ። ትኩሱ ክራንቹን በወለሉ መታና፣ "ሰባ አንድ? ጋሼ፣ ሰባ አንድ ጊዜማ እኔ ብቻዬን እሻገር ነበር እኮ!" አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "ግድ የለም፤ ማን የማይሳሳት አለ? እርስዎ ደግሞ ክፉ አያስቡም" አለኝ። ይህን ከእሱ አፍ ከመስማት ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሾፌሩም "ጋሼ ምን ያድርግ፣ የተማረ ሰው አይደለም። ማጣራት የነበረባት መምህርቷ ናት!" አለ። የትኩሱ ሚስት ብድግ ብላ፣ "ይኸው! ያኔ ስናገር ክፉ ተባልኩ። እኔ ምን አልኩ? ዝርክርክ ናት አላልኩም?" አለች።

ተቀመጥኩ። ይቅር ተብዬ፣ በሰላም። ከእኔ የወረደውም ሸክም አንቺ ላይ ሲጫን እያየሁ። አፌን ከፍቼ አንዲት ቃል ብል ይበቃ ነበር፤ "ጠይቃኛለች" ማለት ብቻ። አላልኳትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ለሰፈሩ መልካም ነው። ባለሙያዋ እንደገና እንቁጠር አለች፤ ሰውም እሺ አለ። አሥራ ስድስት ሰው ተመዘገበ። ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ከሥራ መውጫም። ትኩሱ ራሱ ወንበር አስወጥቶ የመድኃኒት ቤቱን በር ቆጠረ። ያንቺ ሕግ ነው፤ ማንም የራሱን በር አይቆጥርም። ሕጉ የማን እንደሆነ ግን አንድም ሰው አላነሣም። ለእኔ ጋራዡ ደረሰኝ። የሮጠውን ሁሉ ቆጠርኩ። ሮጦ ተመልሶ እንደገና የሮጠ አንድ ሰው ሳይቀር ሦስት ጊዜ መዘገብኩት።

ያን ሰሞን ጸሎት አልሆነልኝም። እቆማለሁ፣ እጀምራለሁ፣ "ምስክሬ ነው" ያልኩት ቃል ይመጣብኛል። ምስክር አድርጌ የጠራሁትን መልሼ ምን ብዬ ልለምነው? ስለ ሐሰተኛው ወረቀትማ ተናግሬያለሁ፤ ሰውም ምሮኛል። ታዲያ ለምን አልቀለለኝም እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። መልሱን አጥቼው አልነበረም። ምሕረት የተደረገልኝ ላልሠራሁት ጥፋት ነው። የሠራሁትን ገና ማንም አያውቀውም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የቆጠራው የመጨረሻ ቀን አለቀ። ሁላችንም ወረቀታችንን ይዘን ዳቦ ቤቱ ፊት ተሰበሰብን። ሾፌሩ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ ደመረና ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈ፤ ባለሙያዋ በስልኳ አረጋገጠችለት። ኩርባው በሰዓት ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ። ሰው አጨበጨበ። የትኩሱ ሚስት ዳቦ እያወጣች ታድል ጀመር። ባለሙያዋ "ይህ ከሆነ ኩርባው አንደኛ ነው፤ ሰኞ ነው የማስገባው" አለች። በዚህ መሐል ሾፌሩ ወረቀቶቹን እያስተካከለ፣ "አያችሁ? ሰው ሲያውቅበት እንዲህ ነው! ያቺ መምህርት ተብዬ ያኔ እንዲህ ብታስቆጥረን ኖሮ ትኩሱ ዛሬ ኳስ ይጫወት ነበር" አለ። ሳቁ። ዳቦ እየበሉ ሳቁ። የትኩሱ ሚስት ለእኔም አንድ ዘረጋችልኝ፤ "ይውሰዱ እንጂ ጋሼ፣ ትኩስ ነው" አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ይቅር በይኝ ልልሽ አይደለም። ብትይኝ አመሰግናለሁ፤ ባትይኝም እውነትሽን ነው። ተመለሺም አልልሽም። ሰዎቹ ከዚያ በኋላ ምን እንዳሉኝም አልጽፍልሽም፤ እሱ የእኔ ድርሻ ነው። አንቺ ማወቅ ያለብሽ ያን ጠዋት ያደረግሁትን ብቻ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዳቦውን አልተቀበልኳትም። "እህቴ፣ መጀመሪያ ስሚኝ" አልኳት። ከዚያ ሰዉን ሁሉ፣ በአንቺ ላይ የተጮኸበት ቦታ ላይ ቆሜ፣ በማውቀው ከፍተኛ ድምፅ ተናገርኩ፤

"በአዳራሹ የነገርኳችሁ እውነት አልነበረም። አልተሳሳትኩም። ሰኞ ዕለት ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ቆጥሬያለሁ፤ እዚችው ቦታ። ዜብራው ለሚስቴና ለሱቄ እንዲሆን ብዬ ሰባ አንድ አደረግሁት። ትኩሱ፣ ደንበኞቼን አደራ ብለኸኝ ነበር፤ አውቄ ነው የጣልኳቸው። መምህርቷ አጣርታለች። እግርህ ከተቆረጠ በኋላ ሱቄ ድረስ መጥታ የሮጡትን ቆጥረዋል ወይ ብላ ጠይቃኛለች። እኔ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼ ዋሸኋት። ስሌቷ ልክ ነበር። በእርሳሷ የተቆረጠ እግር የለም። የእኔ ነው።"

ሾፌሩን "ቃለ ጉባኤው ላይ አስገባው" አልኩት። እስክሪብቶውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። ከእጁ ላይ ወሰድኩበት፤ የዳቦ ቤቱን ባንኮኒ ተደግፌ፣ ከሁለት መቶ ሠላሳ አንዱ ሥር፣ ያልኩትን ሁሉ አንድ ቃል ሳላስቀር በገዛ እጄ ጻፍኩት። ስትጠይቂኝ የመለስኩልሽንም እንዳለ አሰፈርኩት። ከዚያ ወረቀቱን ለትኩሱ ሰጠሁት፤ አንብቦ እስኪጨርስም ከፊቱ ሳልሄድ ቆምኩ።

ልብስ ሰፊው